ከበር የሚመልስ ኮምፒውተርን ለመዳኘት የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 123456
(ይህን ቁጥር ለይለፍ ቃልነት መጠቀም በዚሁ አዋጅ ተከልክሏል)

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ ትክክለኛውን ይለፍ ቃል አስገብተን “ትክክል አይደለም” የተባልን፣ አንዳንዴም “እንኳን ደህና መጣህ” ተብለን ወደዚያው መግቢያ ገጽ የተመለስን ሰላማዊ የኮምፒውተር ተጠቃሚዎች፤

በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ኤም አይ ቲ፣ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ አንዱን ኮምፒውተር ለብዙ ሰው ሲያካፍሉ የየሰዉን ፋይል ለመለየት ይለፍ ቃልን ሥራ ላይ በማዋላቸው፣ ዳፋውም ለእኛ በመትረፉ፤

በዚያው ማሽን ላይ በአንድ ወቅት የይለፍ ቃሎቹ ዝርዝር በስህተት የዕለቱ ማስታወቂያ ሆኖ ለገባ ሁሉ በመታየቱ፣ ጥበቃው ባለቤቱን እንጂ ሌላውን እንደማያስቸግር ገና ከጥዋቱ የታወቀ በመሆኑ፤

ኮምፒውተር ሲከለክል ምክንያቱን የመናገር፣ ተጠቃሚም ሲከለከል ምክንያቱን የመፈለግ ልማድ ስለሌላቸው፣ በሁለቱ መካከል ስንት ንጹሕ ፋይል ያለፍርድ በፎርማት ሲያልቅ ዝም ብሎ ማየት ስለማይገባ፤

የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ
ጠቅላላ

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ “የእንቢተኛ መግቢያ ገጽ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በንዴት ሰዓት ሌላ ስም ያወጣለት ሰው አይጠየቅም።

2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፤
ሀ) “ይለፍ ቃል” ማለት ባለቤቱ የረሳው፣ የቢሮው ሰው ግን በሙሉ የሚያውቀው ምስጢር ነው፤
ለ) “አይቲ” ማለት ሲደወልለት “ሪስታርት አድርገኸዋል?” የሚል፣ በአካል ሲመጣ ግን ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ የሚሠራለት ባለሙያ ነው፤
ሐ) “የሚያውቅ ልጅ” ማለት ፍላሽ በኪሱ ይዞ የሚመጣ፣ ኮምፒውተሩን ገና ሳይከፍተው “ፎርማት መደረግ አለበት” የሚል የጎረቤት ወይም የአክስት ልጅ ነው፤
መ) ስለ ተጠቃሚ የተደነገገው ሁሉ ለአለቃም ያገለግላል፤ አፈጻጸሙ ግን አለቃው ከስብሰባ እስኪወጡ ይቆያል።

ክፍል ሁለት
ስለ ቁልፍ ሰሌዳ

3. በቅድሚያ ስለሚጠረጠሩ ቁልፎች
1) ማንኛውም ተጠቃሚ “ተጠልፌያለሁ” ብሎ ከመጮሁ በፊት ካፕስ ሎክን የማየት ግዴታ አለበት።
2) በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ነም ሎክ ሲበራ ጄ፣ ኬ እና ኤል የተባሉት ፊደላት 1፣ 2 እና 3 ሆነው ይጻፋሉ። በይለፍ ቃሉ ሳጥን የሚታዩት ነጠብጣቦች ግን ፊደልም ቁጥርም አንድ ስለሚመስሉ ምስክርነታቸው ተቀባይነት የለውም።
3) ከይለፍ ቃሉ ሳጥን ጎን የዓይን ምልክት ካለች ተጠቃሚው ጀርባውን ገልመጥ አድርጎ አይቶ ይጫናታል። የጻፈውን ባየ ጊዜ ከሚሰማው ኀፍረት ከፊሉ በሕግ ይማርለታል።

4. ከውጭ ስለገቡ ላፕቶፖች
1) ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ላፕቶፕ ዐረብኛ ሊጽፍ ይችላል። ተጠቃሚው በመግቢያ ገጹ ታችኛ ቀኝ ጥግ ያለውን የቋንቋ ምልክት አይቶ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው።
2) በለንደን አደራደር የተቀናበረ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ሺፍትና 2 አንድ ላይ ሲጫኑ ትእምርተ ጥቅስ ይወጣል፤ በአሜሪካው ላይ ደግሞ የኢሜይሏ ኤት ትወጣለች። ይለፍ ቃሉ ውስጥ ኤት ያለችበት ሰው ከማልቀሱ በፊት በየትኛው መንግሥት ሥር እንደሚጽፍ ያጣራ።

ክፍል ሦስት
ስለ ሰዓትና ስለ ዘመን

5. ስለ ደከመች ባትሪ
ማዘርቦርድ ላይ የምትቀመጠው ሲአር2032 የተባለች ክብ ባትሪ ስትደክምና መብራት ሲጠፋ፣ ኮምፒውተሩ የዛሬን ቀን ረስቶ ፋብሪካ ወደነገረው የድሮ ዘመን ይመለሳል። ባትሪዋን በመቀየር የሚድን ኮምፒውተር “ቫይረስ ነው” ተብሎ ስሙ አይጠፋም።

6. ስለ ባሕረ ሐሳብ ግጭት
1) ኮምፒውተሩ ዘመኑን የጠየቀው ተጠቃሚ በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ የሞላለት እንደሆነ፣ ማሽኑ ያለምንም ክርክር ያምነዋል። የኢንተርኔት የደኅንነት ሰርተፊኬቶች ግን ገና ያልተወለዱ ይሆኑበታል።
2) የጠዋቱን 2 ሰዓት እንዳለ 2 ብሎ ያስገባ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን በ6 ሰዓት ወደኋላ መልሶታል። በብዙ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ በር የሚጠብቀው ከርበሮስ፣ ስሙን ከግሪኮች ባለሦስት ራስ ውሻ የወሰደ እንደመሆኑ፣ በመደበኛ ቅንብሩ ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት አይታገሥም።
3) ስለዚህ ሀገራዊ ኩራት የሚገለጸው በግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከሰርቨሩ ጋር ይስማማ።

ክፍል አራት
ተቀብሎ ስለሚመልስ ኮምፒውተር

7. ስለ ኡቡንቱ
1) ይለፍ ቃሉን ተቀብሎ፣ ጥቁር ብልጭ አድርጎ፣ ተመልሶ “ግባ” የሚል የኡቡንቱ ሥርዓተ ክወና ተጠቃሚውን እያሾፈበት አይደለም። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ሞልቶ አንዲት ትንሽ ፋይል የሚጽፍበት ቦታ አጥቷል።
2) ተጠቃሚው ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጭኖ በጽሑፍ ገጹ ይገባል፤ ዲኤፍ በተባለው ትእዛዝም የቀረውን ቦታ ያያል። የሰርግ ቪዲዮዎች ካሉ በቅድሚያ ይመረመራሉ።
3) ዲስኩ ባዶ ቦታ ካለው፣ ኤክስኦቶሪቲ የተባለችው ድብቅ ፋይል ባለቤትነቷ ከተጠቃሚው ሩት ወደተባለው የበላይ አስተዳዳሪ አካውንት ተላልፎ እንደሆነ ይጣራል። ሁሉን በሱዱ ትእዛዝ፣ በሩት ሥልጣን የሚሠራ ሰው ይህን ውርስ በገዛ እጁ የፈረመ መሆኑ ይታሰባል።

8. ስለ ዊንዶውስ ጊዜያዊ ፕሮፋይል
1) የገባበትን ዴስክቶፕ ባዶ ሆኖ ያገኘ ሰው እሪ አይበል። ፕሮፋይሉ ሲታወክ ዊንዶውስ በጊዜያዊ ፕሮፋይል ሊያስተናግደው ይችላል። የቀድሞ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በሲ ድራይቭ የተጠቃሚዎች ፎልደር ውስጥ እንዳሉ ናቸው።
2) በጊዜያዊ ፕሮፋይል ላይ የዓመቱን ሪፖርት ጽፎ ዴስክቶፑ ላይ ያስቀመጠ ሰው፣ ሲወጣ ሪፖርቱም አብሮት ይወጣል፤ አይመለስምም።
3) ጨርሶ አላስገባ ያለ ዊንዶውስ፣ ሺፍትን እንደያዙ ከመግቢያ ገጹ ሪስታርት ሲደረግ ወደ ጥገና ገጽ ያደርሳል፤ ከዚያ በሴፍ ሞድ ይሞከራል።

ክፍል አምስት
ስለ ቅጣት

9. ስለ ደጋግሞ መሞከር
ያንኑ ስህተት ድምፁ በሚሰማ ኃይል መጫን ስህተቱን አያርመውም። በአዳዲሶቹ ዊንዶውስ 11 መደበኛ ቅንብር 10 ጊዜ የተሳሳተ ለ10 ደቂቃ ይቆለፍበታል። ተጠቃሚው ደቂቃዎቹን ቡና በመጠጣት ይፈጽማቸዋል።

10. ስለ ፎርማት
1) ፎርማት የሞት ፍርድ ስለሆነ ከአንቀጽ 3 እስከ 8 ያሉት ምርመራዎች ሳይሟሉ አይበየንም።
2) ፍርዱ ቢጸና እንኳ፣ በፍላሽ ኡቡንቱ አስነስቶ ፋይሎችን ወደ ውጭ ዲስክ ሳይገለብጥ ፎርማት ያደረገ የሚያውቅ ልጅ፣ ለአንድ ዓመት “የማያውቅ ልጅ” ተብሎ ይጠራል።
3) ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ባለ48 አሃዙ የማስመለሻ ቁልፍ የግድ ይፈለጋል። በግል ኮምፒውተር ላይ ቁልፉ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። የዚያን አካውንት ይለፍ ቃል የረሳ ሰው ይግባኙን ለፈጣሪ ያቀርባል።

ክፍል ስድስት
ልዩ ልዩ

11. ስለተሻሩ ልማዶች
1) ይለፍ ቃልን በየሦስት ወሩ የማስቀየር ልማድ ተሽሯል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቃሉ ስለመውጣቱ ማስረጃ ሳይኖር በየጊዜው ማስቀየር እንደማይገባ አሳስቧል። “ቡና1”ን ወደ “ቡና2” ያሸጋገረ ሠራተኛም ምንም እንዳልቀየረ ቢሮው ሁሉ ያውቃል።
2) ይለፍ ቃልን በቢጫ ወረቀት ጽፎ ሞኒተር ላይ መለጠፍ ተሽሯል። ኪቦርዱ ሥር የደበቀም “ደብቄያለሁ” ብሎ መከራከር አይችልም።

12. የመተባበር ግዴታ
አይቲ ሲጠይቅ “ምንም አልነካሁም” ማለት በሐሰት የመመስከር ወንጀል ነው። የነካውን፣ የጫነውን፣ የሰረዘውን በቅደም ተከተል የተናገረ ተጠቃሚ ግማሹን ጥገና ሠርቷል።

13. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ኮምፒውተርህ ገና ደኅና ሳለ፣ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ይህን የሰማህ ሁሉ ዛሬውኑ ፋይልህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ፣ የማስመለሻ ቁልፍህን ከኮምፒውተሩ ውጭ አኑር፤ በሩ ላይ የተመለስህ ቀንም መጀመሪያ ካፕስ ሎክን እይ።