ቀለሙን ተወው፣ ቁጥሩን አሳየኝ

«ማሴ 135 ናት! ኮፈኗን ብቻ ተመልከቱ!» ይላል የትራክተር ደላላው።

ኮፈን ያርሳል እንዴ? ኮፈን በመፍቻ ይወልቃል፣ በመፍቻ ይገጠማል። ሞተሩን አሳየን!

ቢቸና ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ፣ ጎኑን ሳይዳስስ፣ ወዲያና ወዲህ ሳያስነዳ ብር አይቆጥርም። ያው ሰው አሮጌ ትራክተር ፊት ሲቆም ግን ቀይ ቀለም አይቶ ቀብድ ይጥላል። በበሬ የተሳሳተ በሚቀጥለው ገበያ ይለውጣል፤ በትራክተር የተሳሳተ ቤቱን ይሸጣል። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያላችሁ ወገኖቼ፣ መጠየቅ አትፈሩ።

«ማሴ እንደሁ ማሴ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?»

ቁጠረዋ! 135 ተብሎ ሊሸጥልህ የሚችለው ታላቁ ፈርጉሰን 35 እ.ኤ.አ. በ1956 ሲወጣ የናፍጣ ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ስታንዳርድ ነበር። ከ1959 መገባደጃ ወዲህ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ፐርኪንስ ተተካበት። ከፖምፓው ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ቁጠር። አራት ከሆኑ የፊተኛው ነው፣ ሦስት ከሆኑ ፐርኪንስ። ባለ አራቱ በብርድ ጠዋት አልነሳም በማለት የታወቀ ነው። ሞጣ ደግሞ ደጋ ነው፤ ማለዳ ማለዳ ትራክተር ለማስነሳት ጎረቤት የሚጠራ ገበሬ መቼ ሊያርስ ነው?

«ሰነዱ 135 ይላል።»

ብረቱስ ምን ይላል? ዳሽቦርድ ላይ ያለችው የፋብሪካ ቁጥር ቆርቆሮ ተነቅላ ሌላው ላይ ልትለጠፍ ትችላለች። ሞተሩ ብረት ላይ የተመታውን ቁጥር ፈልግ፤ ቀለም ከሸፈነው ፋቀው። «ቀለሜን አበላሸህብኝ» ካለህ፣ «ቀለሙን ለራስህ ያዘው፣ እኔ ብረቱን ነው የምገዛው» በለው። የእንግሊዙ የኮቨንትሪ ፋብሪካ ብቻ አይደለም ይህን መልክ የሠራው። የዩጎዝላቪያው አይኤምቲ፣ የህንዱ ታፌ፣ የቱርኩ ኡዜልም በፈቃድ ተመሳሳዩን ሠርተዋል። መልካቸው አንድ ነው ብለህ ሁሉም ዕቃ ይገጥማል አትበል። ቁጥሩን ጽፈህ መጀመሪያ መለዋወጫ ሻጩን ጠይቅ፣ ዋጋውን ኋላ ትከራከራለህ።

«እኔስ ቤላሩስ ነው የምፈልገው።»

ደግ ብለሃል፤ የትኛውን? በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ናዝሬት ላይ በተተከለው ፋብሪካ ይገጣጠም የነበረው የሚንስኩ ትራክተር ነው። 80 እና 82 ወንድማማቾች ናቸው፣ ሞተራቸውም አንድ ነው። ነገር ግን የ82 የፊት ጎማ ራሱ ይጎትታል፣ የ80 የፊት ጎማ እየተገፋ ይሄዳል። የቢቸና ዋልካ ሐምሌ ላይ እግር እንደሚውጥ የሚያውቅ ሰው «ያው ነው» ሲሉት ዝም አይልም! ጎንበስ ብለህ በፊት ጎማዎቹ መካከል ተመልከት፤ ከካምቢዮው ወደ ፊት አክስሉ የሚሄድ ዘንግ ከሌለ 82 አይደለም፣ ወይም ተነቅሎበታል። 80 ኤል የሚባለው ደግሞ ትልቁን ሞተር የሚያስነሳ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ጎኑ ላይ አለው።

«እሱስ ለማረስ እንጂ ለመኮትኮት አይሆንም።»

ማን አለ? ፋብሪካው በመስመር በተዘራ ሰብል መካከል እንዲገባ ነው የሠራው። የኋላ ጎማዎቹ አክስሉ ላይ እየተንሸራተቱ ከ140 እስከ 210 ሳንቲ ሜትር ይሰፋሉ። በቆሎ በ75 ሳንቲ ሜትር መስመር ከተዘራ፣ ጎማዎቹን 150 ላይ አድርጎ ሁለት መስመር አቅፎ ማለፍ ይቻላል። አክስሉ ዝጎ ጎማው ከተጣበቀ ግን ይህ ጥቅም የለም። ስለዚህ ብሎኑን አላልተህ፣ ጎማውን አንቀሳቅሰህ እይ።

አሁን ወደ 135 ልመለስ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሷ ናት። ተራዋ ስድስት የፊት ማርሽ አላት። መልቲ ፓወር የተባለው ካምቢዮ ያለባት አሥራ ሁለት አላት፣ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ እጀታም ይጨመርባታል።

«ታዲያ አሥራ ሁለት አይሻልም?»

ሜዳ ላይ ይሻላል። ቁልቁለት ላይ ግን ስማኝ! መልቲ ፓወሩ ዝቅ ባለበት ሞተሩ ትራክተሩን አይዝም፤ ጎማው ከሞተሩ ቀድሞ ይፈታል። ማርሽ ያስገባ ሹፌር ሞተሩ ያግዘኛል ብሎ ይተማመናል፣ እህል የጫነ ተጎታች ከኋላው ይገፋዋል፣ የቀረው ፍሬን ብቻ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ በማርሽ ላይ ያቆማትም እንደሆነ ወደፊት ልትንከባለል ትችላለች፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ይደረግ። ከሌላ ትራክተር ወደዚች የሚሸጋገር ሹፌር ይህ ሳይነገረው መሪ አይያዝ። ኮፈኑ የሌላ፣ ሰነዱ የሌላ ከሆነ ግን ማን ይነግረዋል?

«ጋሼ፣ ገና ሳይገዙ ይህን ሁሉ ጥያቄ?»

ቁልቁለቱ ላይ ማንን ልጠይቅ?