ለእምቢተኛ ዲስክ የ777 ሕክምና

ገርጂ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት አለ እንበል። ላፕቶፑ ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። ቅዳሜ ማታ፣ በማግስቱ ለመልስ የሚታየውን ቪዲዮ ኤክስተርናል ዲስኩ ላይ ሊገለብጥ ሲል ፈቃድ የለህም ተባለ። ከዚህ ችግር በአንድ ደቂቃ መውጣት ይቻላል። ሙሉ ሌሊት ለመፍጀት ግን ሥርዓት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ችግሩን በገዛ እጅ መፍጠር። ኡቡንቱ የተሰካበትን ዲስክ ራሱ ከፍቶ ለተጠቃሚው ያስረክባል፤ ይህ ለጀማሪ ነው። አዋቂ ነኝ የሚል ተርሚናል ከፍቶ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን)፣ በእጁ ማውንት ያደርጋል። ያን ጊዜ የዲስኩ ባለቤት ሩት የሚባለው የሲስተሙ አስተዳዳሪ ይሆናል፤ ወጣቱም በገዛ ዲስኩ ላይ እንግዳ ሆኖ ቁጭ።

ሁለተኛ፣ የዲስኩ ፎርማት ምን እንደሆነ አለመጠየቅ። መገናኛ ካሉት ሱቆች የሚገዛ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ፋት 32 ወይም ኤክስፋት ነው። ሁለቱም የሊኑክስን ባለቤትነትና ፈቃድ የሚመዘግቡበት ቦታ የላቸውም፤ የሚታየው ባለቤት ማውንት ሲደረግ ከላይ የሚለጠፍ ነው። ዲስኩን ከማውንት አውርዶ፣ የራስን የተጠቃሚ ቁጥር (ኡቡንቱ ላይ ለመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000 ነው) ጠቅሶ እንደገና ማውንት ማድረግ ነገሩን በጨረሰው ነበር። በዚህ ፋንታ «ሱዶ ሲኤች-ሞድ 777»፣ ማለትም ለሁሉም ሰው ሁሉም ፈቃድ ይሰጥ፣ ተብሎ ይጻፍ። ትእዛዙ ስህተት አለ ሳይል ዝም ብሎ ያልፋል። የሚለወጥ ነገር የለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ስለዚህ ደጋግሞ መውቀጥ።

ሦስተኛው ደረጃ ድካም ይፈልጋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እስከ ውስጠኛው ፎልደር የሚወርደውን «አር» አክሎ፣ ከመጀመሪያው እዝባር ቀጥሎ አንድ ባዶ ቦታ በስህተት መጨመር። እዝባር ብቻዋን ስትቆም ሲስተሙ በሙሉ ማለት ነው። ፋይል አጥፊው አር-ኤም እንኳ እዚህ ላይ አሻፈረኝ ይላል፤ ሲኤች-ሞድ ግን አይጠይቅም። ሁሉም ፋይል 777 ሲሆን ሱዶን ሱዶ የሚያደርገው ልዩ ምልክት አብሮ ይገፈፋል፤ ሱዶም ሥራ ያቆማል። የተበላሸውን ለመጠገን የሚያስፈልገው ደግሞ ሱዶ ነው።

ዲስኩ የዊንዶውሱ ፎርማት ኤንቲኤፍኤስ ለሆነበት ሰው ሌላ ዕድል አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ «ጠፍቷል» የተባለ ዊንዶውስ በከፊል ተኝቶ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ሲሆን ሊኑክስ አብሮት ተሰክቶ የነበረውን ዲስክ ለንባብ ብቻ ሊከፍተው ይችላል። ወደ ዊንዶውሱ ተመልሶ ዲስኩን በወጉ ማስወጣት ይበቃ ነበር። አይደረግም፤ 777 ይሞከር።

ሲነጋጋ፣ ከሌላ ፍላሽ በተነሣ ኡቡንቱ፣ ኤክስተርናሉን ኢኤክስቲ 4 ብሎ ፎርማት ማድረግ። እዚህ ላይ ሲኤች-ሞድ በእርግጥ ይሠራል። ዲስኩ ላይ የነበረው የሦስት ሰርግ ጥሬ ቀረጻ ግን የለም።

እሑድ ከሰዓት፣ ሰሚት፣ ሙሽራዋ ቤት። ዲስኩ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካል፤ ኢኤክስቲ 4ን የማያነብ ቴሌቪዥን ብዙ ነው። ወደ ፋት 32 ይመለስ ቢባል አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም፤ የሰርጉ ቪዲዮ 11 ጊጋባይት ነው። የሙሽራዋ እናት ሪሞቱን እንደያዙ ወደ ወጣቱ ዞር አሉ፦ «ልጄ፣ ጭፈራው ገና ነው እንዴ?»