የአሻራ ማሽንና የኮምፒውተር ግንኙነት በኮልፌ ቀራንዮ፦ አንድ የመስክ ጥናት

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ለጥናቱ ገለልተኝነት ሲባል ስሙ በማይጠቀስ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የአሻራ ማሽን ተሰቅሏል። ማን ስንት ሰዓት እንደገባ ይይዛል፤ የሰው ሀብት ክፍሉ ኮምፒውተር ደግሞ በወር መጨረሻ ይህንኑ ይቀበለዋል። በመካከላቸው ያለው አንድ ኮሪደር ነው፤ መረጃው ግን በጊዜው አይደርስም። በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ላይ የነበሩት ኔልሰን ማንዴላ፣ ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳይጠናቀቅ ከድርጅታቸው በመጣ የ«ተመለስ» ቴሌግራም ተቋርጦባቸዋል። ያን ጊዜ ኮልፌ ድረስ ሰው ፈልጎ ያገኘ መልእክት ዛሬ ኮሪደር መሻገር እንዴት አቃተው? የጥናቱ ጥያቄ ይህ ነው።

በመሥሪያ ቤቱ የሰፈነው አስተሳሰብ ጥፋቱን በኬብሉ ላይ ያደርጋል። ስለዚህ ኬብሉ ይነቀላል፣ እፍ ይባልበታል፣ ተመልሶ ይሰካል። ለውጥ አልታየም፤ ሕክምናው ግን አልተቋረጠም።

እውነቱ ሌላ ነው። ማሽኑ በሲሪያል ገመድ የሚያወራው በ9600 ፍጥነት ነው፤ ይህም በሰከንድ 960 ፊደል ገደማ ማለት ነው። ከተሰቀለ ጀምሮ ምንም ስላልተሰረዘለት፣ ሶፍትዌሩ በጠየቀው ቁጥር ጡረታ የወጡትን ጨምሮ ታሪኩን ከመነሻው ይተርካል። መዝገቡ 100,000 ቢሆን፣ እያንዳንዱም 40 ባይት ቢይዝ፣ ትረካው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፍጥነቱን በሁለቱም በኩል 115200 ቢያደርጉት ስድስት ደቂቃ አይሞላም። ሲሪያሉን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረው ቁራጭ ገመድ ኤፍቲዲአይ ቺፕ ካለው ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ ጥቂት ነገር ሲደርሰው፣ ተጨማሪ ይመጣ እንደሆን ብሎ 16 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል፤ ልክ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ታክሲውን እንደሚያቆም የጦር ኃይሎች ረዳት። ዲቫይስ ማናጀር ገብቶ ቁጥሩን 1 ማድረግ ይቻላል። ፓስዋርዱን የሚያውቀው ልጅ ግን ሥራ ለቋል።

ጠዋት 2:30 ላይ በሩ አጠገብ የቆመ ተመራማሪ ብዙ ይማራል። ሠራተኛው ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረግ፣ ፀጉሩ ላይ አሸት አድርጎ ያስቀምጣል። ማሽኑ በእንግሊዝኛ «እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ሦስተኛው ላይ ያመሰግናል፤ ጥበቃው አባባም ሁልጊዜ «ምንም አይደል» ብለው ይመልሱለታል። ከሰውና ከማሽን ግንኙነት ሁሉ ያልዘገየ ሆኖ የተገኘው ይኸው ብቻ ነው።

መረጃው ኮምፒውተሩ ከገባ በኋላ ያለው መዘግየት ከገመዱ ይብሳል። ማሽኑ የተሞላው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው። 2:30 የገባውን 8:30 ይለዋል፤ መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴም 12 ይለዋል። ጳጉሜን የምትባል ወር አያውቅም፤ የደመወዝ መክፈያውም አያውቃትም፤ ሁለቱ የተስማሙት በዚህች ብቻ ነው። የሰው ሀብት ባለሙያዋ የግድግዳውን ካላንደር አውርዳ ከጭኗ ላይ አድርጋ፣ ኤክሴሉን መስመር በመስመር በእጇ ትቀይራለች። እሷ ኅዳርን ሳትጨርስ ታኅሣሥ ይደርሳል። በዚህ ፊት ስለ 16 ሚሊ ሰከንድ ማውራት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳፍራል።

ጥናቱ ያልጠበቀው ግኝት ግን እንዲፈጥን የሚፈልግ ሰው መጥፋቱ ነው። ያረፈደው «ማሽኑ አላነበበኝም» ይላል። ኃላፊው ሪፖርት ሲጠየቁ «ዳታው ገና አልወረደም» ይላሉ። ባለሙያዋም ሻይዋን የምትጠጣው ዳታው ሲወርድ ነው። በወረቀት ላይ 39 ሰዓት የሆነው የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሳምንት በተግባር ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ማሽኑ ብቻ ነው፤ እሱም እስኪናገር ድረስ ጊዜ አለ።

ጥናቱ ሲጠናቀቅ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ኮሚቴው የገመዱን ፍጥነት መጨመርና የ16 ሚሊ ሰከንዱን ጥበቃ ማሳጠር የሚሉትን ሁለት አማራጮች ከመረመረ በኋላ፣ ከማሽኑ ሥር የፊርማ መዝገብ በጠረጴዛ እንዲቀመጥ ወሰነ። አሁን ሠራተኛው አሻራውን ይሰጣል፣ ቀጥሎም ይፈርማል። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚጸናው ፊርማው ነው፤ በፊርማው አምድ ሁሉም ሰው የገባው ልክ 2:30 ላይ ነው።