ዘፈን የሌለው የሕንድ ፊልም

ያኔ አንገር ጉቲን ውስጥ ፊልም ማየት ማለት በዚያ የቆላ ሙቀት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያና የመቶ ሰው ትንፋሽ መጨመር ነበር። ውጪ ጀነሬተሩ ይጮኻል፣ ውስጥ እኛ እንጮኻለን። ካሴቶቹ ከነቀምት በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ የሕንድ ናቸው። «ሾላይ»ን የማያውቅ እረኛ ቢፈለግ አይገኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ የመጣው ግን «ኢትፋቅ» ነበር። ያሽ ቾፕራ እንደ ፈረንጆቹ በ1969 ያዘጋጀው ነው። ሚስቱን ገድሏል የተባለ ሰዓሊ ከአእምሮ ሆስፒታል አምልጦ፣ በዝናባማ ሌሊት ብቻዋን ካለች ሴት ቤት ይገባል። ሰዓሊው ራጄሽ ካና፣ ሴትየዋ ናንዳ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሬሳ አየሁ ይላል፤ ፖሊስ ሲፈትሽ ሬሳ የለም። ታሪኩ ባብዛኛው ከዚያች ሌሊትና ከዚያ ቤት አይወጣም። ዘፈን የሚባል ነገርም አልፈጠረበትም።

ጉዱ የመጣው በዚህ ነው። ግማሽ ሰዓት እንዳለፈ ከኋላ አንዱ «ዘፈኑስ?» አለ። ሌላው ቀጠለ፤ «ኦቦ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ቆርጠህብናል! ገንዘባችንን መልስ!» የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት በልጆቹ ማለ። ሕንድኛ እችላለሁ ባዩ አስተርጓሚያችን ጣልቃ ገብቶ «ቆይ፣ ሰውየው ሐዘን ላይ ስለሆነ ነው የማይዘፍነው» ብሎ ገላገለን።

እኔን ከጠየቃችሁ ትልቁ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። በሌላው የሕንድ ፊልም ጭንቁ ሲበዛ ዘፈን ይመጣና ሰው ይተነፍሳል፤ ሽንትም ይሸናል። ይሄኛው ፋታ አይሰጥም። ያሽ ቾፕራ በዚሁ ፊልም የፊልምፌርን የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ወስዷል። በዚያው በ1969 ግን በዘፈን የተንበሸበሸው «አራድሃና» ወጣና ራጄሽ ካናን ጣዖት አደረገው፤ «ኢትፋቅ» ጥላ ውስጥ ቀረ።

ብቻ ያን ማታ ፖሊሱ ምስጢሩን ሊፈታ ሲል ጀነሬተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ። ቤንዚን አልቋል። ጄሪካን ይዞ የተላከው ልጅ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ካሴቱ ደግሞ በማግስቱ ማለዳ ወደ ነቀምት መመለስ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ከተማው ችሎት ሆነ። ጠላ ቤቱ ሰዓሊውን ሰቀለ፣ ወፍጮ ቤቱ ሴትየዋን። አስተርጓሚው «ነቀምት ሄጄ ጨረስኩት» ብሎ መጨረሻውን በሻይ ይሸጥ ጀመር፤ ለእኔ ገዳዩ ዘበኛው ነው አለኝ፣ ለጎረቤቴ የሴትየዋ የሞተው ባል ራሱ ነው አለው። ፊልሙ ውስጥ ዘበኛ ማየቴን አላስታውስም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በስልኬ እስከ መጨረሻው አየሁት። ጉቲን ስመለስ አስተርጓሚውን ፈልጌ፣ ሻይ ጋብዤ፣ እውነተኛውን ገዳይ ነገርኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«የአዲስ አበባዎቹ አታለውሃል» አለኝ፤ «ያንተ ተቆርጧል።»