ስለ ተጣጣፊነት ክብር

የዘመናችን ታላቅ ምግባር «ፍሌክሲብል» መሆን እንደሆነ የሚጠራጠር ካለ፣ ስብሰባ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነው። ቃሉ መሠረቱ የላቲኑ «ፍሌክቴሬ» ነው፤ ማጠፍ ማለት ነው። እንግሊዞች በጉልበት መንበርከክን የሚጠሩበት ቃልም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። እኛም ቀጠሮ ስናጥፍ፣ ቃል ስናጥፍ፣ ሳናውቀው የሮማውያንን አደራ እየተወጣን ነው።

ይህ ሥልጣኔ ወደ ራያ ቆቦ ቆላ ዘልቆ አለመግባቱ ያሳዝናል። እዚያ በምዕራቡ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ጎርፍ ሆኖ ሜዳው ላይ ይደርሳል። ገበሬው እኩለ ሌሊትም ቢሆን አካፋውን ይዞ ይወጣና በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ በሠራው ክትር ውኃውን ጠልፎ ወደ ማሽላው ይመልሳል። ጎርፉ ከበረታ ክትሩ ይሰበራል፤ በማግስቱ ይጠገናል። ደለል ከሞላ የቦዩ አፍ ወደ ላይ ፈቀቅ ይደረጋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ያለ ቅጽና ያለ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ስለ ፍሌክሲቢሊቲ አንድ ቀን እንኳ ሥልጠና አልወሰደም። እንዲህ ያለውን ሰው ተጣጣፊ ማለት ቃሉን ማዋረድ ነው።

በኮንክሪት የተሠራው የጎርፍ መጥለፊያ ግን ሌላ ነገር ነው። በራያ ሸለቆ ውስጥ የውኃ ማስገቢያ በራቸው በደለል የተደፈነ እንዲህ ያሉ መጥለፊያዎች አሉ፤ ነቃፊዎችም ይህን እንደ ጉድለት ያወራሉ። አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ማስገቢያው ከተደፈነ ወዲህ ቦዩን ጎርፍ አፍርሶት አያውቅም። ግንቡ ከንድፉ አንዲት ስንዝር ሳይዛነፍ ቆሟል፤ መንገዱን የቀየረው ወንዙ ነው። ታዲያ ከሁለቱ ትዕግሥት ያጣው ማን ነው?

ተጣጣፊነት በትክክለኛው ቦታ የሚኖረው በሪፖርት ላይ ነው። በዕቅዱ «ሊለማ የሚችል» የተባለው መሬት በዓመቱ መጨረሻ «የለማ» ይባላል፤ አንድ ሄክታር ሳይነካ፣ አንድ አካፋ ሳይነሣ፣ በአንዲት ቃል መታጠፍ ብቻ። ገበሬው ይህን ለመሥራት ስንት ሌሊት ያስፈልገው ነበር!

የቀረው ጎርፉን ማሠልጠን ነው። ከ2:30 እስከ 11:30 ባለው ጊዜ፣ የምሳ ሰዓትን አክብሮ ቢመጣ ለሁሉም ወገን ይበጃል። በጉዳዩ ላይ ከባለድርሻ አካላት ጋር ምክክር ሊደረግ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ መንገዱን ጎርፍ ስለያዘው ወደ በጋ ተላልፏል።