ሳኒ፦ ታኮ የሚያስናፍቅ ዓቀበት

ከደቡብ አፍሪካዋ ክዋዙሉ-ናታል ወደ ሌሶቶ የሚያሻግረው የሳኒ መተላለፊያ አናቱ 2,876 ሜትር ላይ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ይህን ቁጥር ቢሰማ ትከሻውን ነው የሚነቀንቀው፤ እሱ ቡናውን የሚጠጣው 2,840 ሜትር ላይ ቁጭ ብሎ ነው። የደሴው አውቶቡስማ ጣርማበርን ሲያቋርጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከተሳፋሪው ግማሹ እንቅልፉን ሳያቋርጥ። ሐበሻ ተጓዥ ወደ ሳኒ ሲነሳ ትንሽ ንቀት ቢጤ ቢይዝ አይፈረድበትም።

ንቀቱ የሚያልቀው ከታችኛው ኬላ በኋላ ነው።

ከደቡብ አፍሪካ ኬላ እስከ ሌሶቶ ኬላ 8 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ፎርዊል ያልሆነ መኪና ሽቅብ አይፈቀድለትም፤ ሹፌሩ የቱንም ያህል ጎበዝ ነኝ ቢል ፖሊሱ ይመልሰዋል። ፓስፖርቱ ላይ የመውጫው ማህተም እታች ይመታል፣ የመግቢያው ግን ገደሉ አናት ላይ ነው የሚጠብቀው። መካከል ላይ ያለ መንገደኛ በወረቀት ረገድ ሁለት ያጣ ጎመን ነው፦ አንዱ አገር ሸኝቶታል፣ ሌላው ገና አላየውም። ታዲያ ፍሪሲዮን የሚሸተው፣ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ የሚወጣው፣ ታኮ ይዞ የሚዘል ረዳት የሚናፍቀውም እዚሁ ነው።

መንገዱ ከላይ ሲያዩት ከእጅ ያመለጠ የፈትል ልቃቂት ይመስላል። ኩርባዎቹ ስም አላቸው። አንዱ የራስ ማጥፊያ ኩርባ ይባላል። ሌላው የበረዶ ኩርባ ነው፤ በሰኔና በሐምሌ፣ ማለትም በእነሱ ክረምት፣ ፀሐይ ስለማትደርስበት ግግሩ ቶሎ አይለቅም። የኪንታሮት ኮረብታ የሚሉትም አለ። ይህን ያወጣለት ሰው ወንበሩ ምን ያህል እንደሚያነጥር ሳይቀምሰው አልቀረም።

ድሮ እዚህ የሚወጣው አህያና በቅሎ ብቻ ነበር፤ ከሌሶቶ ሱፍ ይወርዳል፣ ከታች እህል ይወጣል። የመጀመሪያዋ ጂፕ አናቱን የረገጠችው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ነጂው ጎድፍሬይ ኤድሞንድስ ቀድሞ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። መንገዱን ያየ ሰው የሹፌሩን የቀድሞ ሙያ ሲሰማ ብዙም አይደንቀውም።

አናቱ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የሌሶቶ ሰዎች፣ ባሶቶዎቹ፣ የሱፍ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው በሚያልፉበት ሜዳ ጫፍ ላይ አንድ መጠጥ ቤት ቆሟል፤ 2,874 ሜትር ላይ ሆኖ "ከአፍሪካ ከፍተኛው" ብሎ በኩራት ጽፏል። ማሉቲ የተባለው የአገሩ ቢራ ይቀዳል፣ ቱሪስቱም ከሰሌዳው ሥር ፎቶ ይነሳል። ይህን ያነበበ የጎንደር ሰው ግን ቢራውን አስቀምጦ ክርክር ቢጀምር እውነት አለው። በስሜን ተራሮች ቡይት ራስ ላይ ያለው ሎጅ የተሠራው 3,260 ሜትር ላይ ነው፤ መጠጥ ቤትም አለው። ሜትር ከተቆጠረ ሳኒ ይሸነፋል። ገደል ከተቆጠረ ግን ቢራው ለሳኒ ይገባዋል፣ ምክንያቱም ጠጪው መስኮቱ ሥር ያንኑ የወጣበትን ዓቀበት እያየ ነው የሚጠጣው።

የሌሶቶው ወገን መንገድ እስከ አናቱ ድረስ አስፋልት ነው። ከዚያ የሚመጣ ሰው እንደ ሙሽራ ተንሸራቶ ይደርስና በድንገት ከኮረቱ ጋር ይተዋወቃል። ለመውረድ ያሰበ ሁለተኛውን ማሉቲ ይተው፤ ኬላው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል።