ፍሪጅ ለበረዶ አገር

በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ የሚቆፍሩ የነዳጅ ሰዎች አንድ ችግር አለባቸው፤ ብርዱ አልበቃቸውም።

የዚያ አገር መሬት ውስጡ ክረምት ከበጋ በረዶ ነው። ቤቱንም፣ ቧንቧውንም፣ ከባድ መኪናውንም የሚሸከመው ያ በረዶ ነው። ዓለም ሲሞቅ አፈሩ ይላላና ይሰምጣል። ዓለምን ማን አሞቀው ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ እዚያው ቧንቧ ውስጥ እየፈሰሰ ነው።

ዘዴ ግን አልጠፋም፤ መሬቱን ማቀዝቀዝ! እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ የጀመረው የአላስካ የነዳጅ ቧንቧ 1,287 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አፈሩ በማያስተማምንበት ቦታ ከምድር በላይ በእግር ቆሟል፤ ከእግሮቹ ብዙዎቹ አናታቸው ላይ ክንፍ ያለው ቱቦ አላቸው። ቱቦው ውስጥ አሞንያ አለ። አየሩ ከአፈሩ ይበልጥ ሲቀዘቅዝ አሞንያው ከታች ሙቀት ጠጥቶ ይተናል፤ ሽቅብ ወጥቶ ሙቀቱን ለነፋሱ ያራግፍና ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ሞተር የለው፣ መብራት አይጠይቅ። ብልሃቱስ እጅ ያስነሳል።

ጆ ባይደን ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በፌዴራል መሬት ላይ አዲስ ቁፋሮ አይኖርም ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 አስተዳደራቸው በዚያው በሰሜን አላስካ ዊሎው የተባለውን የኮኖኮፊሊፕስ ኩባንያ የነዳጅ ፕሮጀክት ፈቀደ። ኩባንያው 5 የቁፋሮ ጣቢያ ጠይቆ 3 ተሰጠው፤ ለካ ቃል ሲታጠፍም ቅናሽ አለው። በ30 ዓመት ውስጥ 600 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ይወጣል ተብሎ ተገምቷል። መሬቱ ከሥሩ እንዳይከዳው ማቀዝቀዣ ቱቦውም በዕቅዱ ውስጥ አለ። ነዳጁ ያሞቃል፣ ቱቦው ያቀዘቅዛል፣ ሁለቱም በአንድ በጀት!

ከባድ መኪና በዚያ ሜዳ የሚነዳው መሬቱ ሲጠጥር ነው። በ1970ዎቹ ይህ በዓመት ከ200 ቀን በላይ ይፈቀድ ነበር፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 100 ገደማ ወረደ። ብርዱ እንዲበረታ ስለት የሚገባ ቢኖር እንግዲህ ነዳጅ ቆፋሪው ነው። ከአካባቢው ነዋሪዎች ብዙዎቹ ፕሮጀክቱን መደገፋቸውን አልዘነጋሁም፤ ትምህርት ቤቱም ክሊኒኩም የቆመው በነዳጅ ግብር ነው። ትዝብቴ በእነሱ ላይ አይደለም።

ኖርዌይ ስንሻገር ነገሩ ጨዋ ይሆናል። እዚያ በ2024 ከተሸጡት 10 አዳዲስ መኪኖች 9ኙ ገደማ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው። ሃመርፌስት አጠገብ ያለው የጋዝ ፋብሪካ ግን ጋዙን አቀዝቅዞ ፈሳሽ ለማድረግ (እዚህም ማቀዝቀዝ!) ከዚያው ጋዝ ላይ ያነዳል። ይህ ስላሳፈረ መንግሥት በ2023 ፋብሪካው ከዋናው መስመር ኤሌክትሪክ እንዲሳብለት ፈቀደ። ለዚህ ሲባል የሚዘረጋው መስመርና የሚተከለው የነፋስ ተርባይን የግጦሽ መሬታችንን ይበላዋል ብለው የሳሚ አጋዘን አርቢዎች ተቃወሙ። ጋዙስ? ወደ ውጭ ይሸጣል፤ ጭሱ የገዢው ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የምንለው ለሌላ ሴት ነው፤ ይቺኛዋ የራሷን ሳታሳርር ለሰው ማገዶ ትሸጣለች።

ከዚያም ወደ ሰሜን፣ ስቫልባርድ ደሴቶች ላይ፣ ሎንግየርቢየን የምትባል ከተማ በአጠገቧ በሚወጣ የድንጋይ ከሰል ነበር መብራት የምታገኘው። ለአየር ንብረት ሲባል በ2023 ከሰሉ ቀረና ናፍጣ ተተካ። ናፍጣው ከዋናው ምድር በመርከብ ይመጣል። ደግነቱ ወደ ከተማዋ የሚያስገባው የባሕር ወሽመጥ በክረምት እንደ ድሮው በረዶ ስለማይጋገርበት መርከቡ መንገድ አይቸገርም።